ታርጋ ቁጥር አሥራ ሰባት

በጣቢያው ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ምናልባት የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «ጋሽ ጉልበቴ» ነበር። ስሙን ማንም አላወጣለትም፤ ራሱ ነው በራሱ ላይ የለጠፈው። ላለፉት አራት ዓመታት ሲረን በጮኸ ቁጥር፣ ሌሎቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጭንብላቸውን አጥልቀው ወደሚነደው ቤት ሲገቡ፣ እሱ ጉልበቱን ይዞ «ጉልበቴን እኮ ነው» እያለ ከመኪናው ፓምፕ አጠገብ ይቀራል።

ሥራ ፈት ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዳትሳሳቱ። በፓምፕ የሚደርስበት የለም። የውሃውን ግፊት በጆሮው ብቻ የሚለካ ሰው ነው። ግን አንድ ጊዜ፣ ጉልበቱን ሳያመው በፊት፣ በሩን ሰብሮ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነበር። ይህን የሚያስታውሱ ሰዎች ቢኖሩም አንስተውበት አያውቁም። ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው ስለ ጉልበቱ ማን ይከራከረዋል?

አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃው ቢሮ አስጠራው። አለቃው ቃል እንደ ውድ ዕቃ ቆጥቦ የሚያወጣ ሰው ነው።

«ያ የሦስት ቀን ሥልጠና ትዝ ይልሃል?»

«የትኛው? ምሳው ጥሩ የነበረው?»

«እሱ። አሁን ሥራ ላይ ይውላል።»

ሥልጠናው «ባልደረባ ለባልደረባ» የሚባል ነበር። እሳት ውስጥ የገባ ሰው ያየውን ነገር የሚነግረው፣ እሱም እሳት ውስጥ ገብቶ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከየጣቢያው አንድ አንድ አድማጭ ይሠልጥን ተባለ። አለቃው ዞር ዞር ብሎ ቢያይ ከጋሽ ጉልበቴ በቀር ትርፍ ሰው አጣ። እሱም ሦስት ቀን በላ፣ ጠጣ፣ አንዲት የጥያቄ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ነገሩን ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ብሎ ረስቶት ነበር።

«ክብሪት ናት» አለ አለቃው።

ክብሪት ቀጭን፣ አጭር፣ ቶሎ የምትቀጣጠል የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። እሳት አጥፊን ክብሪት ብሎ መጥራት መቼም ከዚህ ጣቢያ ሰው በቀር ለማንም አይመጣለትም። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የፍራሽ መደብር ሲቃጠል ገብታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳትታዘዝ መኪና ታጥባለች፣ ሳትጠየቅ ወለል ትወለውላለች፤ ጭንብል ስታይ ግን ፊቷ አመድ ይመስላል።

«የሚቀጥለው ማክሰኞ ጭስ ቤት ትፈተናለች» አለ አለቃው። «ካልገባች ንብረት ክፍል ነው። ዕድሜ ልኳን ቦት ጫማ ስትቆጥር ትኖራለች። እኔ ደግሞ እንደሷ ያለ ሰው አላገኝም።»

«እና እኔ ምን ላድርጋት?»

«ስማት።»

«ከሰማኋት በኋላስ?»

«እንደገና ስማት።»

ጭስ ቤት የሚሉት ከጣቢያው ጀርባ ያለውን መስኮት አልባ የሲሚንቶ ቤት ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት። በማሽን ጭስ ይሞሉታል፤ ከመጨረሻው ክፍል ደግሞ ሰባ ኪሎ የሚመዝን፣ አሸዋ የተጠቀጠቀበት አሻንጉሊት ያስተኛሉ። ተፈታኙ በጨለማ ተንፏቆ ገብቶ አሻንጉሊቱን ጎትቶ ያወጣል። ስሙን «ሰነፉ» ብለውታል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ሲያድኑት አንድ ቀን እንኳ በእግሩ ወጥቶ አያውቅማ።

ጋሽ ጉልበቴ ክብሪትን ግቢው ውስጥ አገኛት። ከትናንቱ እሳት የመጡትን ቱቦዎች ዘርግታ በብሩሽ ትፈትጋለች። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና መነጽሩን አደረገ።

«አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ምን ምን ይሰማሻል?»

«ጎማ ጎማ ይሸተኛል።»

ወረቀቱን አየ። ለዚህ መልስ የተዘጋጀ ሁለተኛ ጥያቄ የለም። አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሌላ ብሩሽ አነሳ። እሷ በአንደኛው ጫፍ፣ እሱ በሌላኛው ጫፍ ሆነው ይፈትጉ ጀመር። ቱቦ ማጠብ ረጅም ሥራ ነው፤ ሃያ ሜትር ርቆ ያለን ሰው በጩኸት አታነጋግሩትም። ስለዚህ እሷ ታጥቧል፣ ይጠቀለል ስትል ቱቦውን ሁለቴ ትመታዋለች፤ እሱም «ያዝኩ፣ አለሁ» ለማለት ሁለቴ መልሶ ይመታል። ሰኞ እንዲህ አለፈ። ማክሰኞም እንዲሁ። ያወሩት ነገር ቢኖር ስለ ሳሙና ነው።

ረቡዕ የመጨረሻውን ቱቦ ጠቅልለው ሲጨርሱ፣ ልጅቷ ጥቅሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ለቀቅኩት» አለች።

«ምኑን?» አለ እሱ።

«ቱቦውን፣ ጋሼ። ለቀቅኩት።»

ይህ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ለእነሱ ግን ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ጭስ ውስጥ ዓይን አይሠራም፤ መንገዱ ቱቦው ነው። እጅህን ቱቦው ላይ አድርገህ ትገባለህ፣ እጅህን ቱቦው ላይ አድርገህ ትወጣለህ። ጓደኛህም የሚያገኝህ እዚያው ቱቦ ላይ ነው።

«ጣራው ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ከዚያ ብርሃን አየሁ። መስኮት ነበር። ለቀቅኩ፣ ሮጥኩ፣ ዘለልኩ። አብሮኝ የገባው ቦርጬ ከኋላዬ ነበር። መውጣቴን በምን ይወቅ? ስሜን እየጠራ፣ ወለሉን እየዳበሰ ሲፈልገኝ ቆየ። እኔ ውጭ ሣር ላይ ተቀምጬ እስላለሁ፤ ወጥቻለሁ ልል ብል ድምፄ አልወጣ አለኝ። ሁለት ጆሮው የተቃጠለው እኔን ሲፈልግ ነው።»

«እሱ ምን አለሽ?»

«ምን ይላል! ጆሮዬ ድሮም በዝቶብኝ ነበር፣ ትንሽ ቢቀነስልኝ ምን አለበት ብሎ ሳቀ። ምናለ አንዴ ቢሰድበኝ! አንዴ በደንብ አድርጎ ቢሰድበኝ እኮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

ጋሽ ጉልበቴ ሥልጠናውን አስታወሰ። «ጥፋትሽ አይደለም» አላት፣ ልክ እንደተማረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የማን ነው ታዲያ? የመስኮቱ?»

እውነቷን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያገኛት ሁሉ ይህንኑ ሲላት ከርሟል፤ አንድም ቀን አልረዳትም። ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ብሩሹን አገላበጠው። ከዚያ ራሱም ያላሰበው ነገር ከአፉ ወጣ።

«ጥፋትሽ ነው» አለ።

ቀና ብላ አየችው።

«ፈርተሽ ነው፣ ሰው ይፈራል። ግን ጥፋትሽ ነው። ጓደኛሽን ጥለሽ ወጣሽ። ሰው ደግሞ አጥፍቶም ይኖራል። ጥፋቴ ነው ይልና፣ ዓይኑን ሳያሸሽ ወደ ሥራው ይመለሳል።»

እሱ ይህን ሲል ማን ነው እንዲህ የሚያወራው ብሎ ወደ ኋላው ሊዞር ምንም አልቀረውም። ልጅቷ ግን ፊቷን በሳሙናማ እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። ሲበቃት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ሐሙስ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ጭንብሉን ከመስቀያው አውርዳ አንድ ደቂቃ አጠለቀች። ከሰዓት በኋላ አምስት ደቂቃ ሆነ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ለጋሽ ጉልበቴ እንዴት በተመቸው! ተሳክቶለታል። አለቃው በሩቁ አውራ ጣቱን አሳይቶታል። ግን ክብሪት ጭንብሏን አውልቃ መጣች፤ ግንባሯ ላይ የላስቲኩ ምልክት ቀርቷል።

«እገባለሁ» አለች። «አንድ ነገር ግን አለኝ። ለብቻ መግባት ክልክል ነው፤ ሁለት ሆኖ ነው። ቦርጬ ጆሮው ገና አልዳነም። ሁለተኛው ሰው እርስዎ ይሁኑልኝ።»

«እኔ? የኔ ልጅ፣ ጉልበቴን እኮ ነው።»

«የትኛውን?»

ቀኙን ያዘ።

«ትናንት ግራው ነበር።»

እጁ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ሰኞ ቀኝ፣ ማክሰኞ ቀኝ፣ ትናንት ግራ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቱቦ ይዘን ውለናል፤ ዓይን አለኝ እኮ፣ ጋሼ።»

ደሙ ፈላ። «አንቺ ማን ነሽና ነው እኔን የምትመረምሪኝ! ትናንት የመጣሽ! እኔ በር ስሰብር አንቺ ጡጦ ትጠቢ ነበር!» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ በግራው ይሁን በቀኙ ማነከስ እንዳለበት ግራ ገብቶት፣ ሳያነክስ ቀጥ ብሎ ሄደ። ይህንንም አየችው።

ቤቱ ገብቶ ወንበር ላይ ሲወድቅ ሚስቱ ሱሪ ትጠቅም ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጉልበቴን።»

«የትኛውን?» አለች፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

ወይ ጉድ! ለካስ አገር ሁሉ ያውቃል። ተነሳና ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ከሁሉ ልብስ ኋላ አንድ አሮጌ ጃኬት ተሰቅሏል፤ ሚስቱ ልጠበው፣ ልጣለው ባለች ቁጥር የሚጣሉበት ጃኬት ነው። ከውስጥ ኪሱ አንድ ነገር አወጣና መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ሚስቱም መርፌዋን አቆመች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አለች።

ዓርብ ጠዋት ያን ነገር ክብሪት ፊት፣ የዕቃ ማጠቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ቢጫ ፕላስቲክ ነው፤ ጠርዙ በእሳት ትንሽ ተኮማትሯል። ላዩ ላይ 17 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል።

ታርጋ ነው። በጣቢያው ሰው ሁሉ ቁጥሩ ያለበት ታርጋ አለው። ወደሚቃጠል ቤት ስትገባ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ትሰቅለዋለህ፤ ስትወጣ ታነሳዋለህ። ሰሌዳው ላይ ታርጋ ካለ ውስጥ ሰው አለ፤ ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ሁሉም ወጥቷል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የሰው ነፍስ የሚቆጠረው በዚህ ነው።

«የሳቂታው ነው» አለ ሽማግሌው። «የድሮ ጓደኛዬ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ገብተናል፣ አብረን ወጥተናል። ከአራት ዓመት በፊት፣ የቀለም መጋዘኑ የተቃጠለ ዕለት ግን ሊፈነዳ ነው፣ ሁላችሁም ውጡ ተባለና ቱቦውን ይዘን ወጣን። እሱ ከኋላዬ ነው። ከኋላዬ ነው ብዬ ነው። በሩ ላይ ሰሌዳ ጠባቂው የለም፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ሊቀይር ሄዷል። የራሴን ታርጋ አነሳሁ። የሱንም አነሳሁለት። ብዙ ጊዜ እናደርገዋለን፤ እሱም ያነሳልኛል፣ እኔም አነሳለታለሁ። እንደ ውለታ ነው። ዞር ስል ከኋላዬ ሰው የለም።»

ክብሪት አፏን በእጇ ያዘች።

«አለቃ ሰሌዳውን አየ። ባዶ ነው። ሁሉም ወጥቷል ብሎ ሰዉን ወደ ኋላ መለሰ። እኔ ሳቂታው አለ፣ ውስጥ ነው እያልኩ ስጮህ፣ ሰሌዳው ባዶ ነው እኮ፣ ወጥቶ ይሆናል፣ ዙሪያውን ፈልጉት ይላሉ። ታርጋውን ኪሴ ውስጥ ጨብጬዋለሁ። አሳይቼ፣ ይኸው እኔ ነኝ ያነሳሁት ማለት አቃተኝ። ሰባት ደቂቃ። ከሰባት ደቂቃ በኋላ ተገኘ። ተረፈ፤ ሳንባው ግን አልተረፈም። አጣሪዎቹ ታርጋው ጭቃ ውስጥ ጠፍቷል ብለው ጻፉ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ የሚነድ ቤት በር ሳይ ይሄ ነገር ኪሴ ውስጥ ያለ ይመስል ይከብደኛል። ጉልበቴ ደህና ነው።»

ልጅቷ ታርጋውን አነሳች። አገላበጠችው። ከዚያ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ዓይን ዓይኑን እያየች፣

«ጥፋትዎ ነው» አለችው።

አራት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ሲፈራ ኖሯል። አሁን ሲሰማው ግን፣ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ በረጅሙ ተነፈሰ። ከመጋዘኑ ወዲህ እስከ ሆዱ ድረስ የገባለት የመጀመሪያው ትንፋሽ ያ ነበር። እንባው በጢሙ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም።

«ባለቤቱ የት ነው?» አለች ክብሪት።

«ቁልፍ ይቀርጻል። ፌርማታው አጠገብ።»

«ነገ እንሄዳለን።»

«ከማክሰኞ በኋላ...»

«ነገ ነው፣ ጋሼ። ይሄንን ኪስዎ ይዘው ከኔ ጋር ጭስ ውስጥ አይገቡም።»

ቅዳሜ ሄዱ። እሱ ከልማዱ የተነሳ በሁለት መንገድ አዙሮ ሊያሳልፋት ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ፌርማታውን እንዲህ ነው የሸሸው። እጅጌውን ይዛ በቀጥታው መንገድ ጎተተችው። የቁልፍ ቤቷ ሁለት ሰው አታቆምም። በሯን አንድ ጥቁር ብረት ደግፏታል። ውስጥ የቁልፍ ማሽኑ ይጮሃል፤ ከማሽኑ ኋላ ትከሻው የጠበበ፣ ጥርሱ ግን ያው የሆነ ሰውዬ ተቀምጧል። ቀና ሲል ማሽኑን አጠፋው።

«አንተ!» አለ ሳቂታው። ትንፋሹ አጭር ስለሆነ በየሦስት ቃሉ ያርፋል። «እኔ እኮ... ሞቶ ይሆናል... ለቀብሩ እንኳ አልጠሩኝም ብዬ... ተቀይሜህ ነበር።»

ጋሽ ጉልበቴ ታርጋውን ባንኮኒው ላይ አደረገ፤ ለክብሪት የነገራትን ሁሉ፣ ምንም ሳያስቀር፣ ቆሞ ተናገረ። ሲጨርስ ለስድብም ለጥፊም ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ሳቂታው ታርጋውን አየ፣ ጓደኛውን አየ፣ ከዚያ ጣቱን ወደ በሩ ቀሰረ።

«ያቺን ብረት... ታያታለህ?»

«በሩን የደገፈችውን?»

«መጥረቢያዬ ናት። አዲሷ... ቀይ እጀታ የነበራት። በተሰጠችኝ በሦስተኛው ቀን... ውስጥ ረሳኋት። ውጡ ሲባል ከኋላህ ነበርኩ። ላንሳት ብዬ ተመለስኩ። ትከሻህን ነክቼ... ልመለስ ነው ማለት ነበረብኝ። ትቆጣኛለህ ብዬ... ዝም ብዬህ ሄድኩ። ለመጥረቢያ! ለአጣሪዎቹ... መንገድ ጠፋኝ አልኳቸው። አንተ ስትጠፋብኝ... አውቆብኛል፣ ተቀይሞኛል ብዬ... አራት ዓመት በዚች በር... መንገዱን ሳይ ኖርኩ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አንዱ ሌላውን በድያለሁ ብሎ አራት ዓመት፣ ሌላውም እኔ ነኝ የበደልኩት ብሎ አራት ዓመት፤ በመካከላቸው የነበረው ግን ሁለት መንገድ ብቻ ነው። እግዚኦ! ሰው እንዴት ራሱን ይቀጣል!

«ሁለታችሁም ጥፋታችሁ ነው» አለች ክብሪት።

ሳቂታው መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳሉ ያዘው፤ እየሳለም ይስቃል። ጋሽ ጉልበቴ ጀርባውን እየመታለት እሱም ሳቀ። ከሳቁ መካከል የትኛው ቀድሞ ማልቀስ እንደጀመረ አልታወቀም፤ ባንኮኒው በመካከላቸው እንዳለ ተቃቀፉ፤ ስንት ቁልፍ መሬት ላይ ተበተነ። ክብሪት ተንበርክካ ለቀመች።

ሊሰነባበቱ ሲሉ ሳቂታው ታርጋውን ወደ ጓደኛው ገፋው።

«አልወስደውም። ታርጋ በእጅ አይሰጥም... ከሰሌዳ ነው የሚነሳው። ማክሰኞ... ሰሌዳው ላይ የሚቆመው ማነው?»

ሰኞ ሁለቱ ሽማግሌዎች አለቃው ቢሮ ገብተው እውነቱን ተናገሩ። አለቃው ጠረጴዛውን መታ፤ በአንድ ቀን ውስጥ የአንድ ወር ቃሉን አወጣ። ከዚያ ፊርማ ያለበት አዲስ ሪፖርት ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፣ አንተም ማስጠንቀቂያ ትወስዳለህ አለ፣ ወደ ጋሽ ጉልበቴ ዞሮ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ጠራቸው። «እኔም ሰሌዳውን አምኜ ጩኸትህን አላመንኩም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «እሱንም ጻፉት።»

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ግቢው በሰው ሞላ። ቦርጬ ሁለት ጆሮው በፋሻ ተጠቅልሎ ከፊት ቆሟል። ሳቂታው ጭስ ቤቱ በር ላይ ሰሌዳውን ይዞ በወንበር ተቀምጧል። ክብሪት ሠላሳ አንድ ቁጥሯን ሰቀለች። ጋሽ ጉልበቴ የራሱን ዘጠኝ ቁጥር ሰቀለ። ከዚያ ኪሱ ገባና ጠርዙ የተኮማተረውን አሥራ ሰባትን ከጎኑ ሰቀለው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ የጠየቀ የለም።

ገቡ። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ በጉልበታቸው፣ እጃቸው ቱቦው ላይ። የመጀመሪያውን ክፍል አለፉ። ከጭንብሉ ውስጥ የራሱ ትንፋሽ ብቻ ይሰማዋል። ሁለተኛው ክፍል መግቢያ ላይ ልቡ ከዳው። ከኋላዬ ናት ብዬ ነው፤ ባትኖርስ? እግሩ አልንቀሳቀስ አለ። ዞሮ ሊያይ ቢል ጭሱ ጥቁር ግድግዳ ነው። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ያኔ ቱቦው በመዳፉ ሥር ሁለቴ ተመታ።

አለሁ።

ሁለቴ መልሶ መታ፤ ቀጠለ።

ከሦስተኛው ክፍል ሊገቡ ሲሉ አለቃው ጣራው ላይ ቆርቆሮ ጣለ። የፈተናው አካል ነው፤ ሁሉም ላይ ይጥላል። ድምፁ ግን ልክ እንደሚሰነጠቅ ጣራ ነበር። ጋሽ ጉልበቴ ቱቦውን ሁለቴ መታ። መልስ የለም። እንደገና መታ። ምንም የለም። ለቃዋለች ማለት ነው።

የድሮው ሰውዬ ቢሆን ወደ በሩ ይሄድ ነበር። የአሁኑ ቱቦውን ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እሷ መሆን ያለባት ቦታ ላይ ተቀምጦ መምታት ጀመረ። ሁለቴ። ትንሽ ዝም። ሁለቴ። ልጄ፣ እዚህ ነኝ፣ የትም አልሄድም እያለ ነበር፤ ጭንብሉ ውስጥ ጮክ ብሎ እያለ ነበር። ብርሃን የለም፣ መስኮት የለም፣ የምትሮጥበት የለም። ክንዱን ከቱቦው ሳያነሳ አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ መታ። በሰባተኛው ጎማው ላይ ጓንት ሲፋተግ ተሰማው። ከዚያ ምቱ መጣ፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ጠንከር ብሎ።

አለሁ።

እጇን ያዘ። ጓንቷን ቱቦው ላይ አድርጎ በላዩ የራሱን ጫነበት፤ አንድ ሁለት ትንፋሽ እንዲሁ ቆዩ። ከዚያ ከኋላ ገፋችው። ክብሪት ተመልሳለች፤ አሁን ደግሞ አልቻል ብላለች! ሰነፉን አገኙት፣ አንዱ በብብቱ አንዱ በእግሩ ያዙት፣ እየረገሙት ጎተቱት።

ውጭ ያለው ሰው የሰማው ግን ጭቅጭቅ ነበር። ጋሽ ጉልበቴ በሩ ጋ ደርሶ ከደፉ ላይ ተገትሯል፤ በሩን በጀርባው ዘግቶታል።

«ይውጡ እንጂ ጋሼ!»

«አንቺ ቅደሚ!»

«እርስዎ ነዎት ከፊት!»

«በዓይኔ ሳላይሽ አልወጣም አልኩሽ!»

ለግብዣ የተጠሩ ሰዎች በር ላይ እንዲህ ሲባባሉ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሰባ ኪሎ አሸዋ በመካከላቸው ይዘው ግን አላያችሁም። በመጨረሻ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ ሰነፉን ከኋላ እየጎተቱ፣ ሦስቱም በአንድ በር ተገፍትረው ወጡ። ግቢው በጩኸት ፈነዳ። ቦርጬ እያጨበጨበ «ልጄ! ልጄ!» ይላል፤ ፋሻው ተፈትቶ አንገቱ ላይ ወድቋል።

ሳቂታው እጁን አነሳ። ዝም አሉ። ከቀለም መጋዘኑ ወዲህ የወጣ ሥርዓት ነው፤ የሚወጣ ሁሉ ቁጥሩን በራሱ አፍ ይጠራል፣ ታርጋውን በራሱ እጅ ያነሳል፣ ሰሌዳ ጠባቂው ይመልስለታል። ለማንም ማንሳት የለም።

ክብሪት ጭንብሏን አወለቀች። ፊቷ በላብ ያበራል። «ሠላሳ አንድ!»

«ወጣች!» አለ ሳቂታው።

«ዘጠኝ!»

«ወጣ!»

ሰሌዳው ላይ አንድ ታርጋ ቀረ። ሳቂታው ወንበሩን ተደግፎ ተነሳ። እጁን ዘርግቶ፣ ጠርዙ የተኮማተረውን ቢጫ ፕላስቲክ ከሚስማሩ ላይ አነሳው፤ ደረቱ ላይ ይዞት ትንፋሹን ሰበሰበ። ክብሪት በግራ በኩል ክንዱን ያዘችው። በቀኝ በኩል ጋሽ ጉልበቴ ያዘው።

«አሥራ ሰባት» አለ ሳቂታው፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳያርፍ።

የሚመልስለት ሰሌዳ ጠባቂ አልነበረም፤ ሰሌዳ ጠባቂው ራሱ ነው። ስለዚህ የጣቢያው ሰው ሁሉ፣ አለቃውም ከጣራው ላይ ሆኖ፣ በአንድ ድምፅ መለሰለት።

«ወጣ!»